የይፋት ቆላ ቅያሬ፦ ከግመል ጭነት እስከ ነጭ ጎማ

የሞተር ሳይክልን የኋላ ጎማ ከነቸርኬው ፈትቶ በሌላ መለወጥ፣ ያውም ጎኑ ነጭ የሆነ ጎማ ለማልበስ ሲባል ብቻ፣ የታሪክ ጸሐፊን ብዕር የሚያስነሳ ጉዳይ አይመስልም። የጎረምሳ ጌጥ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። የይፋትን ቆላ ለሚያውቅ ሰው ግን ነገሩ ሥር አለው። ከጣርማ በር ግርጌ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ሰንበቴ፣ ወደ አጣዬና ወደ ከሚሴ የሚዘልቀው ቆላ ቢያንስ ሰባት መቶ ዓመት የኖረው በቅያሬ ነው። ከቆላ የመጣ ዕቃ ወደ ደጋ ሲወጣ፣ ከደጋ የመጣው ደግሞ ወደ ቆላ ሲወርድ፣ መሐል ላይ አንድ ነገር መለወጥ ነበረበት። ለብዙ ዘመን የሚለወጠው ተሸካሚው ነበር፤ ግመሉ ጭነቱን ያራግፋል፣ በቅሎና አህያ ይረከባሉ። መኪና ሲመጣ ይህ ሁሉ ቀረ ይባላል። እኔ አልቀረም ባይ ነኝ። ቅያሬው ከጭነቱ ተነሥቶ ወደ ጎማው ወረደ፤ በአንኮበር ግርጌ ያሉት አሊዩ አምባና ፋሬ ይዘውት የነበረውን ቦታም ሸዋ ሮቢትና መሰሎቿ በሌላ መልክ ያዙት። የነጭ ጎማው ነገር የዚሁ ረጅም ታሪክ የቅርብ ጊዜ ክፍል ነው።

ለዚህ ሁሉ መነሻው ተዳፋቱ ነው። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በእጅጉ ከፍ ይላል፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ጋቢ ለብሶ ከላይ የተነሣ ሰው ገና ምሳ ሳይደርስ ሸሚዙን ይከፍታል። እንዲህ ያለ ቁልቁለት ባለበት አገር ሥልጣንም ንግድም መውጫውንና መውረጃውን ይጠብቃሉ። በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተነሣው የወላስማዎች ሱልጣኔት፣ የይፋት ስም በዓረብ ጸሐፍት ዘንድ እንዲታወቅ ያደረገው፣ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚመጣውን የንግድ መስመር ይዞ ነው የበለጸገው። ዐፄ ዓምደ ጽዮንና የይፋቱ ሰብረዲን እ.ኤ.አ. በ1332 የተዋጉበት ምክንያት ሃይማኖት ብቻ እንዳልነበረ፣ መስመሩን ማን ይቆጣጠር የሚለው ጥያቄም እንደነበረበት የታሪክ ምሁራን ይስማማሉ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የኢትዮጵያና የፈረንሳይ አጥኚዎች ያገኟቸው እንደ ኖራና አስባሪ ያሉት የድንጋይ ከተሞችና መስጊዶች ፍርስራሾች የት እንደተሠሩ ልብ ማለት ያሻል። ከተሞቹ ሙሉ ለሙሉ በረሃ ላይ አልተሠሩም፣ ደጋው ላይም አልወጡም፤ ግመል መድረስ በሚችልበትና በቅሎ መነሣት በሚጀምርበት በእግረ ተራራው ላይ ነው የቆሙት። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም ሥራው ያው ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አንኮበር ግርጌ ሲደርስ ፋሬ ላይ ይቆማል፤ ኬላው እዚያ ነው። አሊዩ አምባ ደግሞ ገበያው ነው፦ ጨው፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ጨርቅ፤ በአጠገቡ ደግሞ ሰው እንደ ዕቃ የሚሸጥበት የአብዱል ረሱል ገበያ። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝን መልእክት ይዞ የመጣው ሻምበል ኮርንዋሊስ ሃሪስ ለንጉሡ ካመጣቸው ስጦታዎች መካከል መድፍ ነበረበት። ግመሎቹ ይህን ሁሉ ከባሕር ዳርቻ እስከ ፋሬ አድርሰው አበቁ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ቀጥ ያለ አቀበት የሚወጡት የሰው ትከሻና የደጋ ከብት ናቸው። ጓዙን አንኮበር ለማድረስ በመቶ የሚቆጠሩ ተሸካሚዎች አስፈልገዋል። በ1879 ዓ.ም. አርተር ራምቦ ወደ 2,000 ጠመንጃ ይዞ ለምኒልክ ሊሸጥ ሲመጣም ያለፈው በዚያው በር ነው፤ ከታጁራ አንኮበር ለመድረስ አራት ወር ገደማ ፈጅቶበታል። ከዚህ ሁሉ የሚጠቀመው በመካከል ያለው ሰው ነበር። የአርጎባ ነጋዴ የአፋሩንም የአማራውንም ቋንቋ ያውቃል፤ የግመልን ጭነት በምን ያህል አህያ እንደሚያደላድል ያሰላል፤ ማሠሪያ፣ ጀንዲ፣ ኮርቻ ያቀርባል። ሀብቱን የሚያገኘው ከተሸከመው ዕቃ ብቻ ሳይሆን ዕቃው እጅ ከሚለዋወጥበት ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ይህ ሁሉ ልፋት አገሩ ጋሪ ስላልነበረው፣ የጎማን ጥቅም ስላላወቀ የመጣ ኋላ ቀርነት አይደለምን? ይህን የሚል ሰው አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ሪቻርድ ቡሊየት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ግመልና ስለ ተሽከርካሪ ያሳተመውን ጥናት ቢያይ መልካም ነው። ቡሊየት ያሳየው በመካከለኛው ምሥራቅና በሰሜን አፍሪካ ለብዙ ሺህ ዓመት ጋሪ የሚያውቁ ሕዝቦች ከእስልምና መነሣት በፊት ጀምረው ጋሪያቸውን እንደተዉት ነው። የተዉት ግመል ስለረከሰ ነው፤ መንገድ መሥራት አይሻም፣ እንጨት አይሻም፣ ነጂውም ጥቂት ነው። ደማስቆና ካይሮ በጋሪ ካልተጠቀሙ የይፋት ነጋዴ ለምን ይወቀሳል? ቆላው ላይ ግመሉ ከጋሪ ይረክሳል፤ አቀበቱ ላይ ደግሞ ጋሪ ጨርሶ አይወጣም። ጎማ ያልነበረው ዕውቀት ስለጠፋ ሳይሆን ሒሳቡ ስላላዋጣ ነበር። ሒሳቡ የተለወጠው መንገዱ ሲቆረጥ ነው፤ መንገዱ ደግሞ የተቆረጠው ለነጋዴ ሲባል አልነበረም።

የተሽከርካሪው ነገር አዲስ አበባ ላይ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያመጣው በእንፋሎት የሚሄድ መንገድ ደልዳይ፣ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ያለው፣ መጥቶ ነበር፤ በ1900 ዓ.ም. ገደማም ዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ተቀምጠዋል። ይፋትን ግን የነካት በመጀመሪያ የባቡሩ ጉዳት ነው። ሐዲዱ ድሬዳዋን አልፎ በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ የጅቡቲ ዕቃ ሁሉ ወደ ደቡብ ዞረ፤ አሊዩ አምባ ከዓለም አቀፍ መስመር ወጥታ የወረዳ ገበያ ሆነች። ከዚያ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ይፋት በአንጻራዊ ጸጥታ ኖረች። የደሴ መንገድ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከጣሊያን ወረራ በፊት ተጀምሮ እንደነበር መርሳት አይገባም፤ ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር 1928 ወደ ደሴ የወረዱት በአውቶሞቢል ነው። ጥርጊያው ክረምት የሚያጠፋው ዓይነት ይሁን እንጂ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ በዚያው ጥርጊያ በተቃራኒ አቅጣጫ የመጣው ማርሻል ባዶሊዮ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ከደሴ የተነሣው ሰልፍ ከ1,600 በላይ ተሽከርካሪ ይዞ ነበር፤ ፊያት፣ ላንቻ፣ ከአሜሪካ የተገዛ ፎርድና ሼቭሮሌ ሳይቀር። ቆላውን በቀላሉ ሮጠበት። ጣርማ በር ሲደርስ ግን ኢትዮጵያውያን መንገዱን በፈንጂ ቆርጠውት ስለነበር ያ ሁሉ ሞተር ሁለት ቀን ገደማ ተገትሮ ወታደሩ በእጁ ድንጋይ ሲያቀብል ሰነበተ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። ጣሊያኖች ከዚያ በኋላ በተራራው ውስጥ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን ዋሻ ፈልፍለው በሙሶሊኒ ስም ሲጠሩት፣ የሁለቱ ቀን መገተር ከጭንቅላታቸው እንዳልወጣ ይታየኛል። ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች የሸዋ አርበኞች መንዝና ተጉለትን ይዘው መስመሩን ዕረፍት መንሣታቸው ደግሞ ዋሻ ስለተቦረቦረ ብቻ በሩ እንደማይከፈት አሳይቷል።

ታዲያ ይህ ሁሉ የወራሪ ጦር ያመጣው አደጋ እንጂ የይፋት ቅያሬ ቀጣይ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል? በአሊዩ አምባ መዳከምና በሸዋ ሮቢት መነሣት መካከል ሠላሳና አርባ ዓመት ክፍተት አለ፤ ቦታዎቹም ይራራቃሉ፤ የፋሬ ኬላ ጠባቂ የልጅ ልጅ ሸዋ ሮቢት መጥቶ ጎሚስታ ከፈተ የሚል ማስረጃ አላቀርብም። ተቃውሞው ግማሹ እውነት ነው፤ የሙያ ውርስ ከአባት ወደ ልጅ አልተላለፈም። የተላለፈው ከቦታው የሚመጣው ግዴታ ነው። መሐንዲሱ ወራሪም ይሁን ባላገር መንገዱን በአንድ በር ማውጣት ነበረበት፤ በበሩ ግርጌ ደግሞ የሚቆምበት፣ የሚያቀዘቅዝበት፣ የተበላሸውን የሚለውጥበት ሥፍራ ያስፈልገዋል። ግመሉ ደጋውን የማይወጣው እግሩ ለሜዳ ስለተፈጠረ ነው። መኪናው ይወጣል፤ የሚከፍለው ግን በጎማውና በፍሬኑ ነው። ሰው ትሬንታ ኳትሮ የሚለው የፊያት 634 የጭነት መኪና ወደ 7 ቶን ይጭን ነበር፤ አንድ ግመል ከ150 እስከ 200 ኪሎ ቢይዝ፣ ወደ 40 ግመል መሆኑ ነው። የ40 ግመል ሸክም በስድስትና በዐሥር ጎማ ላይ ሲያርፍ ማን እንደሚደክም ግልጽ ነው።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ጣርማ በር አካባቢ በ10 ዲግሪ ብርድ የተነፋ ጎማ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 35 ዲግሪ ሙቀት ይቀበለዋል። በዚህ ብቻ ውስጡ የታመቀው አየር ግፊቱ ወደ 9 በመቶ ይጨምራል። በሌላ በኩል ቆላ ላይ የውጩ አየር ስለሚከብድ ጎማውን መልሶ ይጫነዋል። በሞተር ሳይክል ጎማ፣ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ሁለቱ ይካካሳሉ ማለት ይቻላል። በከባድ መኪና ጎማ ግን አይካካሱም፤ የሙቀቱ ጭማሪ ያሸንፋል። በዚህ ላይ ሾፌሩ በማርሽ ከመውረድ ይልቅ ፍሬኑን እየረገጠ ከመጣ የፍሬኑ ታምቡር ይግላል፣ ግለቱ ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ ከመነዳሪው ያልፋል። ደጋ ላይ የተለጠፈ ያረጀ ልጣፍ ይላቀቃል። ሜዳው ከተጀመረ በኋላ መንገዱ ቀና ስለሚል ፍጥነት ይጨመራል፤ የተቃጠለው ጎማ የሚፈነዳውም ብዙውን ጊዜ ቁልቁለቱ ላይ ሳይሆን ያለፈ መስሎ ከታየ በኋላ ነው። ስለዚህ ወራጁ እግረ ተራራው ላይ ይቆማል፤ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማዎቹን በብረት እየመታ ድምፃቸውን ይሰማል። ደህናው ጎማ ጠንክሮ ይመልሳል፣ አየር የጎደለው ደፍኖ ያስተጋባል። ተለዋዋጩ ተለይቶ ክሪክ ይገባል፣ ዳዶው ይላላል። የድሮው የከባድ መኪና ቸርኬ ጎማውን የሚቆልፍ የብረት ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ በትክክል ሳይቀመጥ የነፋበት ሰው አየሩ ሲወጥረው ብረቱ ተፈናጥሮ ይገድለዋል። ለዚህ ነው የለመደ ጎሚስታ ጎማውን አስተኝቶ፣ በወፍራም ሰንሰለት አሥሮ፣ ራሱ ዞር ብሎ የሚነፋው። ሙያው ከጡንቻ ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ከፋሬ ጭነት አደላዳይ የሚለየው በዕቃው እንጂ በጠባዩ አይደለም።

ጎሚስታ የሌለበት የኢትዮጵያ ከተማ የት አለ፣ የይፋትን ምን ልዩ ያደርገዋል የሚል ይኖራል። ልዩ የሚያደርገው ሙያው መኖሩ ሳይሆን ከመንገዱ ጋር መነሣቱና መውደቁ ነው። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዶቹ መጠገን ሲጀምሩ የደሴ መስመር ለወሎና ለትግራይ ብቻ ሳይሆን በኮምቦልቻ በኩል ለአሰብ ወደብም የሚያገለግል ነበር። ከወደብ የተነሣ የአዲስ አበባ ዕቃ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ኮምቦልቻ ወጥቶ፣ በይፋት ቆላ ወርዶ፣ ጣርማ በርን ይጋፈጣል፤ ይኸውም የጥንቱ የታጁራ ሲራራ መንገድ በሌላ በር መሆኑ ነው። በኋላ ከአዋሽ ወደ ሚሌ የሚወስደው መንገድ ሲከፈት ከባዱ የወደብ ጭነት አቀበቱን ሸሽቶ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ማለፍ ጀመረ። ለይፋት የ1909 ዓ.ም. ባቡር ለሁለተኛ ጊዜ እንደመጣባት ነው። በዚህ ጊዜ ግን ቆላው ጸጥ አላለም፤ ምክንያቱም አሁን ከወደብ ዕቃ ሌላ የራሱ የሚጭነው ነበረው።

ይህ ደግሞ ወደ ጠንካራው ተቃውሞ ይወስደናል። ሸዋ ሮቢትን ከተማ ያደረጋት የሮቢ ወንዝ መስኖ ነው፣ ሽንኩርቱ፣ ትምባሆው፣ ማሾው ነው፤ ወረዳዋ ቀወት ባታመርት ኖሮ ጎሚስታው ማንን ይጠግን ነበር የሚል ክርክር። እህሉን መካድ አይቻልም። የይፋት ቆላ ለም መሆኑም አዲስ ዜና አይደለም፤ በ14ኛው መቶ ዓመት ዓረባዊው ጸሐፊ አል ዑመሪ ሸንኮራውን፣ ሙዙንና ሎሚውን ጽፎ ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ምርት ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ ለምን ከአካባቢው ገበያ አልወጣም? ሽንኩርት በአህያ ጣርማ በርን ወጥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ ይበሰብሳል። ከግመል ወደ በቅሎ መዘዋወር የሚችለው ጨውና ጠመንጃ ነው፤ ቲማቲም ሦስቴ ከተራገፈ ሾርባ ይሆናል። ጭነቱ ከእርሻ እስከ መርካቶ ሳይራገፍ መሄድ ሲችል ነው መስኖው ገንዘብ የሆነው፤ ጭነቱ ሳይራገፍ የሚሄደው ደግሞ በመንገድ የሚበላሸው ጎማ በግማሽ ሰዓት የሚለወጥ ከሆነ ነው። ሹፌሮች አልቃይዳ የሚል ቅጽል ያወጡለት አይሱዙ ሽንኩርት ጭኖ ሌሊት እንደ ነፋስ የሚበረው ለጀብድ ብቻ አይደለም፤ ጠዋት ገበያ ካልደረሰ ዋጋው ይወድቃል። አንድ ጎማ ለመለወጥ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ይህ ንግድ አይኖርም ነበር። ስለዚህ መስኖውና ጎሚስታው ማን ይቅደም የሚባሉ ባላንጣዎች አይደሉም፤ ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያው ለራስ ጉርሻ ከመሆን አያልፍም ነበር። ባለፉት ዓመታት በዚህ መስመር በተነሡት ግጭቶች፣ በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ በመጣ ጊዜም፣ መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚወድቀው የገበሬው ሽንኩርት መሆኑ ይህንኑ በመራር መልኩ አስረድቷል።

ከጭነት መኪናው ወደ ትንንሾቹ ስንወርድ ታሪኩ የሚያስገርም ኩርባ ይይዛል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገራችን ከተሞች መግባት የጀመረውና ዛሬ ከአዲስ አበባ መንገድ ይልቅ በሸዋ ሮቢትና በመሰል ከተሞች ንጉሥ የሆነው ባጃጅ ከሕንድ ይምጣ እንጂ አያቱ ጣሊያናዊ ነው። ፒያጆ የተባለው ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የአውሮፕላን ሠሪ ነበር። ፋብሪካው በጦርነቱ ከፈረሰ በኋላ የአውሮፕላን መሐንዲሱ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓን ነደፈ፤ የፊት ጎማውን እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ ጎን ብቻ አንጠለጠለው። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ትንንሽ ናቸው፤ አንዱ ሲተነፍስ ጥቂት ዳዶ ፈትቶ ተለዋጩን ማስገባት ነው፣ ፊትና ኋላ ሳይል። እ.ኤ.አ. በ1948 ከቬስፓ ላይ ባለ ሦስት ጎማው አፔ ተወለደ። የሕንዱ ባጃጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ማምረት ጀመረ። ዛሬ በሸዋ ሮቢት ጎዳና የሚንጫጫው ባጃጅ ሦስቱም ጎማ መጠኑ አንድ ነው፤ ቸርኬው ለሁለት የሚከፈል ስለሆነ ጎማ ለማውጣት ብዙ ትግል የለውም። ባዶሊዮ በ1928 በጣርማ በር ካወጣው ተሽከርካሪ ጋር የመጣው የጎማ ችግር በገዛ አገሩ መሐንዲስ እጅ በአንድ ቁልፍ የሚፈታ ሆነ፤ ይፋት ግን ይህን ያገኘችው ከጣሊያን ሳይሆን በሕንድ ዞሮ በገንዘቧ ገዝታ ነው። ከሁለቱ መንገዶች የትኛው ጤናማ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ባለ ሁለት እግሩ ሞተር ሳይክል ግን እንዲህ አይደለም፤ የኋላ ጎማው ከማሽኑ ሁሉ ክፉኛ የተጠላለፈ ክፍል ነው። ባለሞተሩ ነጭ ጎማ ሲያምረው መጀመሪያ የሚገጥመው ልኬት ነው፤ 17 ኢንች ቸርኬ 18 ኢንች ጎማ አይለብስም፣ ነጩ ጎማ ደግሞ ባለው ልክ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ቸርኬው ራሱ መለወጥ አለበት። ቸርኬው ከተለወጠ ከመሐል የተወጠሩት ቀጫጭን ሽቦዎች ርዝመት አይመጥንም፤ ሽቦውን መልሶ አንድ በአንድ መወጠር፣ ጎማውን አሽከርክሮ ወዴት እንደሚያዘነብል በዓይን መለካት፣ እዚህ ማጥበቅ እዚያ ማላላት ይመጣል። ሙሉውን ጎማ ከሌላ ሞተር አውጥቶ ማስገባት ይቀላል ቢባል ደግሞ የዘንጉ ውፍረት፣ የፍሬኑ ስፋት፣ ካቴናው የሚጠመድበት ጥርሳም ብረት አሉ። ጥርሳሙ ብረት ከፊተኛው ጋር በቀጥታ መስመር ካልሆነ ካቴናው ጎን ለጎን እየታሸ ጥርሱን ይበላዋል፤ የዚያን ጊዜ ስስ የብረት ቀለበት ቆርጦ በመሐል መክተት ግድ ነው። ለነጭ ቀለም ብቻ! ሞኝነት የሚመስለው እዚህ ላይ ነው። ነጩ ጎማ በአመጣጡ ጌጥ አለመሆኑ ደግሞ ቀልዱን ያባብሰዋል፤ በመጀመሪያ ጎማ ሁሉ ነጣ ያለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ጥላሸት ሲቀላቀልበት የሚጠነክር መሆኑ ታውቆ መንገድ የሚነካው ክፍል ብቻ ጠቆረ፣ ጎኑ ቁጠባ ሲባል ነጭ ቀረ። የርካሹ ምልክት የነበረው በኋላ አሜሪካ ውስጥ የሀብታም መኪና ምልክት ሆነ።

ጌጡ ከንቱ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። በዚሁ አቀበት ላይ በቅሎ የሚቀመጥ የሸዋ መኮንን መርገፍና ግላስ ሳያለብስ አይነሣም ነበር፤ የብር ሥራው በቅሎዋን አንድ እርምጃ አያፈጥናትም። መርገፉ የሚለው ሌላ ነው፤ ይህን እንስሳ የሚንከባከብ ሰው አለኝ፣ ጌጡን የሚያጸዳ አለኝ፣ ጠዋት የሚጭንልኝ አለኝ ነው። የኋላ ጎማውን ለውጦ ነጭ ያለበሰ ሞተርም እንዲሁ ባለቤቱ ከሙያተኛ ጋር ያለውን ቅርበት ያሳያል። በአንድ አገር ጎማ ለግድ ሲለወጥ ጥገና አለ ማለት ነው፤ ለውበት መለወጥ ሲጀምር ግን ጥገናው ከግድ አልፎ ትርፍ ጊዜና ትርፍ ችሎታ አፍርቷል ማለት ነው። ነጭ ጎማ በቆላ አቧራ ሁለት ቀን አይቆይም የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። ስለዚህ ነው የሚታጠበው፤ ታጥቦ የሚታይ ጌጥ ደግሞ ከማይቆሽሽ ጌጥ ይልቅ ብዙ ይናገራል። ከአገልግሎት የወጣው ጥቁር ጎማም ቢሆን አይጣልም፤ በረባሶ ሆኖ ገበሬውን እንደገና መንገድ ያስጉዛል።

በዚህ ታሪክ ላይ አሁን አዲስ ነገር እየመጣ ነው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ማድረጉን ካስታወቀ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጎማዎችም እየበዙ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ሞተር ሳይክሎች ካቴና የላቸውም፤ ሞተሩ ራሱ በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ተቀምጧል። እንዲህ ያለውን የኋላ ጎማ መለወጥ ማለት ሞተሩን መለወጥ ነው፤ ከዘንጉ ጎን የሚወጣው ወፍራም ገመድ የትኛው ቀለም ከየትኛው እንደሚገጥም ማወቅ ይጠይቃል፣ መቆጣጠሪያውም ለሌላ ኩባንያ ጎማ እሺ አይል ይሆናል። እስከ ዛሬ የቆላው ቅያሬ የቆመው ማንኛውም ጎማ ከየትም ይምጣ በክሪክና በቁልፍ የሚፈታ መሆኑ ላይ ነበር። ቁልቁለቱ በበኩሉ ለኤሌክትሪክ ይመቸዋል፤ ከጣርማ በር የሚወርድ ሞተር ፍሬኑን ከማቃጠል ይልቅ ባትሪውን መሙላት ይችላል፤ የሚሞላበት ቦታ ካለው ማለቴ ነው፣ ምክንያቱም ከአናቱ በሙሉ ባትሪ የተነሣ ምንም አይጨምርም። የሸዋ ሮቢት ጎሚስታ ገመዱን ለመማር ከፈጠነ ቅያሬው እንደ ልማዱ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ይወርዳል። ካልፈጠነ ጎማው እንደታሸገ ወደ አዲስ አበባ ተጭኖ ይሄዳል፤ ያኔ ጣርማ በርን በሌላ ተሸካሚ ጀርባ ላይ የሚወጣው ሞተሩ ራሱ ይሆናል።